ረምዚያ ሰዓት ስትማር

ረምዚያ ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ የስዊስ ሰዓት መሸጫ ትሠራለች። ደሴ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ወሬዋ የሚጥም ሴት ናት። ውድ ሰዓት የሚገዛ ሰው ታሪኩንም መስማት ስለሚወድ፣ የኩባንያውን ታሪክ በቃሏ ይዛዋለች፤ መሥራቹ በተራራ መንደር በረዶ መንገድ ሲዘጋበት ሥራ መጀመሩን፣ ልጁ ፋብሪካ ማቋቋሙን፣ የባትሪ ሰዓት መጥቶ ሊዘጉ ሲሉ የልጅ ልጁ አሻፈረኝ ማለቱን።

ሱቁ ግድግዳ ላይ የፋብሪካው አሮጌ ፎቶ አለ። አንድ ቀን ደንበኛ ሲጠፋ ተጠግታ አየችው። መሥራቹ ከፊት ቆሟል፤ ከኋላው በየጠረጴዛው ያጎነበሱት ሁሉ ሴቶች ናቸው። ከስዊዘርላንድ ለትሬኒንግ የመጣውን ሰውዬ ጠየቀችው።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ሠራተኞች።»

«ስማቸውስ?»

«እስከ ዛሬ የጠየቀን የለም።»

ከዚያ በኋላ የመሥራቹን ታሪክ ለደንበኛ ስትተርክ «ሠራው» የምትለዋ ቃል አፏ ላይ ትከብዳት ጀመር። መኪና ውስጥ ለልጇ ለዲና ነገረቻት። «ቀኑን ሙሉ ስለ ሰዓት አወራለሁ፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን አላውቅም።»

ዲና ከስልኳ ቀና አላለችም። «ሶ ለርን ኢት፣ ማሚ። ተማሪዋ።»

እዚያው ሳን ሆዜ አጠገብ፣ ካምቤል በምትባለው ከተማ፣ ዘርኡ የሚባሉ ኤርትራዊ አዛውንት ትንሽ ሱቅ ከፍተው ሰዓት ይጠግናሉ። በዴይ ኦፍዋ፣ ሥራ በማትገባበት ቀን፣ ሄደች።

«ጋሽ ዘርኡ፣ ያስተምሩኛል?»

«ዓይንሽ ደህና ነው?»

«ለማንበብ መነጽር አደርጋለሁ።»

«እኔም አደርጋለሁ» አሉና ወንበር ሳቡላት።

ትምህርቱ ከበዳት። ስፕሪንግ ከእጇ ተፈናጥሮ በጉልበቷ እየዳኸች ፈልጋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ የገጠመችው ሰዓት ደግሞ ትንሽ ሄዶ ይቆማል፤ ብትፈታው፣ ብትገጥመው፣ ያው። ተስፋ ቆርጣ ቀረች። ጋሽ ዘርኡ ኮል አደረጉላት።

«ሰዓቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ አልነካውም፤ መጥተሽ ትጨርሺዋለሽ።»

አፍራ ተመለሰች። በማጉያው ደጋግማ ስታይ የሰዓቱ ተሽከርካሪ ጥርሶች መሃል አንዲት ቀጭን ጥቁር ክር አገኘች።

«የሂጃቤ ክር!»

ጋሽ ዘርኡ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ሰዓቱም ሄደ።

አሁን ሳምንቷን ለሁለት ከፍላ በሁለቱም ቦታ ትሠራለች። ባለፈው ክረምት ጋሽ ዘርኡ ዳሊ ሲቲ የሚኖር ልጃቸው ጋ ሊሰነብቱ ሲሄዱ የጥገና ሱቁን ለእሷ ትተውላት ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት አንድ ሰው የቆመ ሰዓት ይዞ ገባ።

«ሰዓት ሠሪው አለ?» አላት።

«እኔ ነኝ» ለማለት ትንሽ ዘገየች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ሰዓቱን ተቀበለችው።