ሚስቴን እጇን ይዤ ከሞጣ ስመለስ

ሚስቴ ስታረግዝ አንድ ጉርሻ ውጣ ሁለት ታስመልስ ጀመር። እሷንም ልጄንም ላጣ ነው ብዬ ጭንቅ ገባኝ። ሞጣ ያለው ፈረንጅ ሐኪም «የቻይኖች ዘዴ ነው» ብሎ የእጇን አንጓ ጫን ቢያደርግላት ማስመለሱ ቀጥ አለ። እኔም እንዳሳየኝ አንጓዋን ጨምድጄ ወደ ቢቸና ተነሣን።

መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ባለዱላ ጎረምሶች አስከትለው ከበቡን።

«አንተ ጠላፊ! በጃንሆይ አምላክ፣ ልቀቃት!»

«ሚስቴ ናት፣ አባቴ! ከለቀቅኋት ታስመልሳለች!»

«ጠላፊ ሁሉ ሚስቴ ናት ይላል!»

በጃንሆይ አምላክ ተብሎ እምቢ አይባል፤ ለቀቅኋት። ሚስቴ «እውነቱን ነው» ልትል አፏን ስትከፍት የሽማግሌው ጋቢ ላይ ዘረገፈችው።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ? ያዛት እንጂ!» ብለው ሌላውን እጇን ራሳቸው ጨበጡ።

በግራ እኔ፣ በቀኝ እሳቸው ይዘናት፣ ባለዱላዎቹ ከኋላ ተከትለውን ቢቸና ገበያ ስንደርስ፣ አገሩ ሁሉ «ጠላፊዎች! ያዟቸው!» እያለ ወጣብን።