የአባቴ ታብሌትና ኮቱ

ታብሌት ልግዛ ብሎ ሱቅ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ካሜራው ነው። እኔም የጠየቅኩት እሱን ነበር፤ አባቴ ምን ፎቶ እንዲያነሳበት እንዳሰብኩ እግዜር ይወቀው። ስትሮክ መትቶት አንደበቱ ከተያዘ ሁለተኛ ወሩ ነበር። ቀኝ እጁ አይታዘዘውም፤ ግራው ይንቀጠቀጣል። ሶደሬ ፍል ውሃ ወስደነዋል፤ እግሩን ትንሽ አላቀቀለት እንጂ ለአፉ አልሆነም። ሐኪሙ “መናገር ቢያቅተው መጻፍ ይችል ይሆናል፤ ሞክሩ” አለን። እስክሪብቶ ሰጠነው፤ ከእጁ ይወድቃል። ስልክ ሰጠነው፤ አንድ ፊደል ሲነካ ሦስት ይጻፍበታል። ታብሌቱን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ጉረኛ ስለሆንኩም በየሄድኩበት አውርቼዋለሁ።

ቤት ከገባ በኋላ ነው ለዕለት ኑሮ የሚመች ዕቃ ምን እንደሆነ መማር የጀመርኩት። እናቴ በመጀመሪያው ቀን ዳንቴል አልብሳ ቡፌው ላይ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ አጠገብ አስቀመጠችው። “አቧራ ይገባበታል” አለች፤ የአዳማን ንፋስ ለሚያውቅ ሰው ይህ አያከራክርም። ዳንቴሉን አንስቼ አባቴ ጭን ላይ ሳስቀምጠው ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ፤ ስክሪኑ የአባቴን ጣት አላወቀውም። አርባ ዓመት የከባድ መኪና መሪና ክሪክ የያዘ እጅ ነው፤ የጣቱ ጫፍ እንደ ጎማ ደርቋል። ይነካል፣ ምንም የለም። ይጫናል፣ ምንም የለም። ዕቃው እንደሌለ ሰው ሲቆጥረው ሳይ አንስቼ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም። በመጨረሻ ጣቱን በእርጥብ ፎጣ ጠረግ ስናደርግለት ሠራ።

ከዚያ ነገሩ እየተቃና ሄደ። ፊደሉን የሚቻለውን ያህል አተለቅነው። እሱ አንድ ቃል ሳይጨርስ ስክሪኑ እየጠፋ ያናድደው ስለነበር ቶሎ እንዳይጠፋ አደረግነው። በአንድ እጅ መያዝ ስላቃተው የሚያቆመው ክዳን ገዛንለት። በረንዳው ላይ በፀሐይ ምንም ስለማይታይ ወንበሩን ወደ ጥላው አዞርን። መብራት ሲሄድ እንዳንንጫጫ ጠዋት ጠዋት ቻርጅ ማድረግ ለመድን። ካሜራውን እስከ ዛሬ የነካው የለም።

በሳምንቱ “ውሃ” ብሎ ጻፈ። እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤቶች ማን ወለደ ብለው መጡ።

ቀጥሎ የጻፈው “ኮቱ” ብሎ ነው። ግንቦት ነው፤ ቤት ውስጥ መቀመጥ የማይቻልበት ሙቀት። እናቴ ያለ መነጽር ስለማታይ እኔ አነበብኩላት። የትኛው ኮት ብለን አልተጠያየቅንም፤ ያለው አንድ ነው፣ የደሴን መንገድ ሲመላለስ ለብርዱ የገዛው ወፍራም ግራጫ ኮት። ከቁም ሣጥን አውጥቼ አለበስኩት። አፍጥጦ አየኝ። በግራ እጁ ከትከሻው ላይ ጎትቶ ጣለው።

“እሺ አባዬ፣ ካልፈለግክ ይቅር” አልኩና ኮቱን አጠገቡ ያለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በማግስቱም ኮቱ። በሳልስቱም ኮቱ። እናለብሰዋለን፣ ይጥለዋል፣ ጥለነው እንሄዳለን። ቀለሙን ጠልቶት ይሆናል ብዬ የወንድሜን ኮት ሁሉ አምጥቻለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ኮቱን ሰብስቦ ፊቴ ላይ ወረወረው። ልጆች ሳለን እንኳ እጁን አንስቶብን የማያውቅ ሰው ነው፤ ያን ቀን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ወንድሜ ከሞጆ መጥቶ አየና ወደ ጎን ጠራኝ። “ጭንቅላቱ ተነክቷል። ዕቃውን ውሰጂበት፤ እያናደደው ነው” አለኝ። ለሐኪሙ ደወልኩ። የሚጽፈው ከሚፈልገው ነገር ጋር ይገናኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። “አይገናኝም” አልኩት፣ ረግጬ፣ እንደሚያውቅ ሰው። ስልኩን ዘግቼ ታብሌቱን ከአባቴ ጭን ላይ አነሳሁ። በአንድ እጁ ያዘው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አስለቀቅኩት። እናቴም ዳንቴሉን መልሳ አለበሰችው።

በማግስቱ ጠዋት ወተት የሚያመጡልን እናት መጡ። ከመልካሳ በኩል በጋሪ የሚመጡ፣ አማርኛቸውን ከአፋን ኦሮሞ ጋር እያደባለቁ የሚያወሩ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሁልጊዜ ከበር ነው የሚመለሱት።

“አካም ቡልተን? አባትሽ እንዴት አደረ? ያ መስተዋት ላይ መጻፉስ?” አሉኝ።

“ተውነው እማማ። ጭንቅላቱ ደህና አይደለም። በዚህ ሙቀት ኮቱ፣ ኮቱ ብሎ ይጽፋል፤ ስንሰጠው ደግሞ ይወረውረዋል።”

“ምን ብሎ ነው የሚጽፈው?”

“ኮቱ።”

ጄሪካኑን መሬት አስቀመጡት። “ያ ኢንታላ ኮ” አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ “ኮቱ እኮ በአፋን ኦሮሞ ነይ ነው።” ቃሉን ደገሙልኝ፤ “ቱ”ዋን አጥብቀው። “ኮቱ! እየጠራሽ ነው።”

ወተቱን የምቀበልበት ድስት እጄ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ አዳማ ተወልጄ አዳማ ያደግኩ ሰው ነኝ። በመናኸሪያው፣ በገበያው፣ በሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን ሲጠሩ፣ በቀን ስንት ጊዜ የምሰማው ቃል ነው። ቢናገረው ኖሮ ገና ሳይጨርሰው ዞር እል ነበር። አባቴ ግን መናገር አይችልም። አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከእኛ ጋር ግን ዕድሜውን ሙሉ በአማርኛ ነው የኖረው፣ ፊደል የቆጠረውም በአማርኛ ነው። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሲታመም ቃሎቹ ሊደባለቁበት እንደሚችሉ ሐኪሙ የነገረኝ በኋላ ነው። የእናቱን ቃል በሚያውቀው ፊደል ጻፈልኝ፤ እኔ ደግሞ ልብስ አድርጌ አነበብኩት።

ትምህርት ቤት ጠብቆና ላልቶ የሚነበብ ቃል ተምረናል። “ገና” እያልን በዓሉን ከ“ገና ነው” ጋር እያምታታን እንስቅ ነበር። አባቴ አጥብቆ የጻፈውን እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ አላልቼ አነበብኩ። ነይ ሲለኝ ኮት አልብሼው እሄድ ነበር። ጭራሽ አፉን ቀማሁት። ያፈርኩትን ማፈር ለማንም አልመኝም።

ለሴትየዋ ምን ብዬ እንደሸኘኋቸው አላስታውስም። ዳንቴሉን ገፍፌ ታብሌቱን ይዤ ወደ በረንዳው ሮጥኩ። አባቴ እንዳየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ታብሌቱን ጭኑ ላይ አቆምኩለት፣ ጣቱን በእርጥብ ፎጣ ጠረግኩለትና ቆሜ ጠበቅኩ። ረጅም ጊዜ አልነካውም። ትናንት ያደረግኩትን ባስብ ባይነካውም አልፈርድበትም ነበር። ከዚያ ግራ እጁ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ።

ኮ። ቱ።

ኮቱን አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ አንስቼ መሬት ጣልኩትና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

“መጣሁ አባዬ” አልኩት። “ምን ላድርግልህ?”

ሌላ ቃል እስኪጽፍ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ጠበቅኩ። ምንም አልጻፈም። በግራ እጁ ክዳኑን ከደነና ታብሌቱን ወደ ጎን ገፋው፤ ከዚያ ወንበሩን ተደግፎ ከእኔ ጋር መንገዱን ያይ ጀመር።