ለፖሊሽ ያልተረፈ ቀለም

አባቴ የተወልኝን መኪና ዋናው ቀለሟ ሳይቀየር ማቆየት ፈልጌ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ ሦስት ፖሊሽ ሠሪዎችን ጠየቅሁ። ለሁሉም ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ ዛሬ የሠራኸውን ሳይሆን ከዓመት በፊት የሠራኸውን አሳየኝ። ሁለቱ ፎቶ አሳዩኝ። ሦስተኛው ደውሎ የዓመት ደንበኛውን ከነመኪናው ጠራልኝ፤ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም አንድም ጭረት አላየሁበትም። እሱን መረጥሁ።

የእኔን መኪና ኮፈን በጣቱ ዳሰሰና ጠርዙ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ማን ነው እንዲህ የፈገፈጋት?»

«አባቴ፣ በየበዓሉ ዋዜማ። እሱ ካረፈ በኋላ ደግሞ እኔ።»

«በፍቅር ጨርሳችኋታላ። ቀለሟ ሳስቷል፤ የፖሊሽ ማሽን ካስነካኋት ብረቱ ይወጣል። ፍቆ እንደ አዲስ መቀባት ነው እንጂ እኔ አልነካትም።»

«ሌላ ጋ ብወስዳትስ?»

«እሺ የሚልዎት አይጠፋም።»

እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ሁለቱን አነጋግሬያቸዋለሁ። የማምነው ግን እሱን ብቻ ነበር።