መሪጌታና እምቢ ያለው ኢሜይል

«ልጄ፣ አልሄደም?» ሲሉኝ ላቤ ኪቦርዱ ላይ ጠብ አለ።

ከደብራቸው ከቤተ ልሔም ንፋስ መውጫ ከተማ ድረስ የመጡ፣ የባሕረ ሐሳብ (የዘመን አቆጣጠር) መምህር መሪጌታ ናቸው። የደብራቸው የጣሪያ እድሳት ማመልከቻ ዛሬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት በኢሜይል መድረስ አለበት። አስር ከአርባ ሆኗል፤ የቢሮዬ ኮምፒውተር ግን «ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም» ይለኛል።

የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። የኢሜይል ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ኔትወርኩን ረገምኩ። (ምስኪን፣ ዛሬስ ንጹሕ ነበር።)

መሪጌታ ስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን አተኩረው አዩ። «ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ነው። መኪናው ግን የፈረንጅ አይደል?» ብለው ኮምፒውተሩን አመለከቱኝ።

ክው አልኩ። ደብዳቤ ላይ በእኛ አቆጣጠር እንዲወጣልኝ ብዬ ጠዋት ዓመቱን የቀየርኩት እኔው ነኝ! ቀኑ ካልገጠመ ለማያምነው ሰርቨር ካለፈ ዘመን የመጣሁ እንግዳ ሆኜበት በሩን ቢዘጋብኝ ምን ይፈረድበታል?

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ዓመቱን ወደ ፈረንጁ መለስኩት። ለአስራ አንድ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ኢሜይሉ ሄደ።

በራሳችሁ ጥፋት ኔትወርክ የረገማችሁ፣ እስቲ ተናዘዙ። ብቻዬን ንስሐ አልገባም።