ካራማራ ላይ ስታክ የሚያደርገው መኪና

እኛ ቤት የሹፌር ወንበር ላይ ሰው አይቀመጥም። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ፣ ደጃችን ቆሞ እንኳ ቢሆን፣ ወንበሩ ላይ ወጥቶ መሪውን የነካ ሰው የለም። እናቴ ምሳ የምታቀብለው በመስኮት ነበር። "መሪ የሰው እጅ ከለመደ አይታዘዝህም" ይላል። እሱ ከመኪናው ከወረደ በኋላም ይኼው የቤታችን ደንብ ሆኖ ቀረ።

ያወረደው ስትሮክ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቀን አውበሬ እህል አራግፎ ጅጅጋ ተመለሰና ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ ሲል ቀኝ እጁ እምቢ አለው። ነፍሱ ተረፈች፣ ተመስገን። እጁ ግን ሰነፈ። ሐኪሟ "እጁን ካላሠራው እንዲሁ ይቀራል" አለችኝና የሚጨምቀው የላስቲክ ኳስ ሰጠችው። "እኔ ሎሚ ጨማቂ ነኝ እንዴ?" ብሎ ወረወረው። እኔም እንደሱ ግልፍተኛ ነኝ፤ ተኮራርፈን ሰነበትን።

በኋላ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። በቶጎ ውጫሌ ጠረፍ በኩል የገባ ያገለገለ ኮምፒውተር ከነጌም መሪው ገዛሁና የከባድ መኪና መንዳት ጌም አስጫንኩለት። መጀመሪያ "ጭራሽ ሕፃን አደረግሽኝ!" ብሎ ተቆጣ። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን ሰማና በግራ እጁ መሪውን ያዘ። በሳምንቱ ከወንበሩ የሚያስነሳው ጠፋ፤ ያም የሹፌር ወንበር ሆነና ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። የጌሙን ዳገት ሁሉ በጅጅጋው ተራራ ስም ካራማራ ነው የሚለው፤ "ዛሬ ካራማራን በአራተኛ ማርሽ ወጣሁት!" እያለ ጉራውን ይነዛብኛል። ቀኝ እጁም መሪውን ጨበጥ ማድረግ ጀመረ። ጓዳ ገብቼ በደስታ አለቀስኩ።

ከዚያ መብራት ሲሄድ ሲመጣ የሰነበተበት ጊዜ መጣ፤ ጌሙም ስታክ ማድረግ ጀመረ። ዳገቱ ላይ ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ዘሎ ሲቀጥል መኪናው ገደል ገብቷል። ደጋግሞ ሞከረ፣ ደጋግሞ ገባ።

"እጄ ነው" አለ አባቴ።

"አባዬ ሙት፣ ኮምፒውተሩ ነው!" አልኩት።

ውሸቴን ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በልቤ እጁ መስሎኝ ነበር። እሱ ደግሞ ሠላሳ ዓመት በየኬላው የሰው ፊት ሲያነብ የኖረ ሰው ነው፤ ወዲያው ነቃብኝ። ጌሙን ተወው። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቀኝ እጁን ሹራቡ ኪስ ውስጥ ደብቆ፣ ሻይውን በግራው ይጠጣል። "እንዲሁ ይቀራል" ያለችው ሐኪም ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

እንግዲህ ውሸቴን እውነት ለማስመሰል ብዬ ነው ከገበያ ኮምፒውተር ሠሪ የጠራሁት። ሶማሊ ነው፤ አማርኛው ሰበር ሰበር ቢልም ጨዋታ ያውቃል። ሰላምታውን አቀረበና ማንንም ሳይጠይቅ የአባቴ ወንበር ላይ ዘፍ! ክው አልኩ። አባቴ ከበረንዳው ብድግ ብሎ ገባ። ሰውዬው ምን ያውቃል! መሪውን ይዞ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ምስሉ ቀጥ አለ፣ ዘለለ፣ መኪናው ገደል ገባ።

"እሱንም!" አለ አባቴ። "አየሽ? እሱንም ከተተው!"

"አዴር፣ አጎቴ፣ ይሄ ማንንም ይከታል" አለ ሠሪው እየሳቀ። "ሌላ ሰው አልሞከረም?"

አልሞከረማ! አንዴ እዚያ ወንበር ላይ ብንቀመጥ የምናውቀውን ነገር፣ በአክብሮት ብዛት አባቴን ልንገድለው ነበር።

ሠሪው ኮምፒውተሩን ፈትቶ አንዲት ትንሽ ክብ ባትሪ አወጣ። ሞታለች። ሴቲንጉን የምትይዘው እሷ ናት፤ እሷ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ሴቲንጉ ይጠፋል፣ ራሙም፣ የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደር፣ ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ይወርዳል። ይሄ ኮምፒውተር ምስሉንም የሚያወጣው በዚያው ራም ስለሆነ፣ ራሙ ሲዘገይ ምስሉ ይቆማል አለን።

አባቴ አሰብ አደረገና "ሞተሩ ደህና ነው፣ ግን በአንደኛ ማርሽ ነው የሚሄደው በለኛ" አለ።

"ወላሂ፣ እሱ ነው!"

አዲስ ባትሪ ከተተ፣ ሴቲንግ ገብቶ የራሙን ፍጥነት ወደ ቦታው መለሰ፣ አለቀ።

አባቴ ተቀመጠ። እጁ አሁንም ሰነፍ ነው፣ አልዋሽም። ዳገቱን ግን ምስሉ አንዴም ሳይቆም ወጣው፤ ቁልቁለቱንም ወረደ። ሠሪውን መርቆ ሸኘውና ወደኔ ዞረ።

"ኮምፒውተሩ ነው ስትዪኝ አንቺም አላመንሽውም ነበር።"

"አላመንኩም" አልኩ። እንባዬ ቀደመኝ። "ይቅር በለኝ አባዬ።"

ወንበሩን በቀኝ እጁ ይዞ ወደኔ ሳበው።

"ነይ ተቀመጪ። ከእንግዲህ ራስሽ ሞክረሽ ነው የምትነግሪኝ።"

እናቴ እንኳ ያልተቀመጠችበት ወንበር! ተቀመጥኩ። መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር ተደናግጬ ፍሬን ረገጥኩ። "ቁልቁለት ላይ ፍሬን አታብዢ፣ ማርሽ ይያዝልሽ!" ብሎ ጮኸና ቀኝ እጁን እጄ ላይ አድርጎ ከመሪው ጋር ጨበጠኝ። አጥብቆ ነው የጨበጠኝ። አመመኝ፤ እጄን ግን አልሳብኩም።