ለበሬ የምንቀመጠውን ያህል

በቆቦ በሬ ሲሰረቅ አገሬው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅም ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። አውጫጭኝ ይባላል። ያየ ሰው «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ይናገራል እንጂ ከማን ሰማህ አይባልም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቱ በእኔ ስለሚጠራ እኔም ከወንዶቹ ጀርባ እቀመጥ ነበር። አፌን ከፍቼ ግን አላውቅም፤ እንድከፍት የፈለገም አልነበረም።

በዚያ ዓመት ከማሽላው ጎታ ጀርባ የደበቅኳት ልጅ ነበረችኝ። የአባቷ አበልጅ፣ የወንድሟ የክርስትና አባት ማለት ነው፣ «ደሴ ወስጄ አስተምራታለሁ» ብሎ ከጎብዬ አመጣትና መኪና መንገዱ ዳር ላለችው የመጠጥ ቤት ሴትዮ ሸጣት። አበልጅ በእኛ ዘንድ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል፤ ማን ይጠረጥረዋል? አምልጣ ፖሊስ ዘንድ ብትሄድ «ጋለሞታ» ብለው አሰሯት፤ ሲፈቷትም ለዚያችው ሴትዮ አስረከቧት። ያኔ የሚታሰረው የተሸጠው እንጂ የሸጠው አልነበረም። እንደገና ስታመልጥ እኔ ቤት ገባች።

በር በተንኳኳ ቁጥር ልጅቷን በጆንያ እሸፍናት ጀመር። የሸጣት ሰውዬ አንድ ቀን ደጄ ቆሞ ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላው አጫወተኝ። ስለ ልጅቷ ትንፍሽ አላለም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በሬ ተሰረቀና ተጠራን። ሰውየው ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጧል፤ ግማሹ አገር አበልጁ ነው። ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጠራ ተሻገር ይባላል። ተነሥቼ አውጫጭኙን ወደሚመሩት ዳኛ ዞርኩ።

«ጌታዬ፣ ለበሬ የምንቀመጠውን ያህል ለልጅም እንቀመጥ። ልጆች እየተወሰዱ ነው። የወሰደው ይጠየቅ፤ አምልጣ የመጣችቱ ግን አትታሰር። እሷው ከታሰረችማ ማን ደፍሮ ይናገራል?»

«የመጠጥ ቤት ጠበቃ መጣችላችሁ» አለ አንዱ፤ ሳቁ። ዳኛው አልሳቁም።

«በሬው ከሳሽ አለው። የልጅቷ ከሳሽ ማን ነው?» አሉኝ።

እኔ ነኝ ካልኩ ልጅቷ የት እንዳለች መናገሬ ነው። ዝም ካልኩም ነገሩ እዚያው ይቀበራል። ሰውየው ፈገግ ብሎ ያየኛል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ዳኛው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተማከሩና «ልጅቷ አትታሰርም። ያየ ይናገር» አሉ። ማንም አልተናገረም። ፀሐይ አዘቀዘቀች። ተነሥቼ እንድሄድ ሥርዓቱ አይፈቅድም፤ የመጠጥ ቤቷ ሴትዮ ደግሞ ጉባኤው ውስጥ የለችም። ወሬው ደርሷት ይሆን? የቤቴን በር ሰብራ ትገባ ይሆን? ዓይኔ ከቤቴ አቅጣጫ አልነቀል አለ።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔን ወፍ አልነገረችኝም። እንደዚያች ልጅ አባት ሁሉ፣ አበልጄ ነው ብዬ የራሴን ልጅ ለዚህ ሰው የሰጠሁት እኔው ነኝ። ብናገር እሷን ያስሩብኛል ብዬ ፈርቼ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩ» አሉና ተቀመጡ። ከእሳቸው በኋላ ሌሎችም ተነሡ። ሰውየውን ይዘው ወደ ወረዳው ወሰዱት፤ የበሬው ነገር ለነገ ተባለና ተበተንን።

እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ። ልጅቷ ከጎታው ጀርባ እንደተኮራመተች ነበረች።

«ተፈረደልሽ፤ አትታሰሪም» አልኳት።

«ማን ፈረደ?»

«ዳኛውና አገሬው።»

«ፖሊሶቹስ ሰምተዋል?»

ፖሊስ አውጫጭኝ አይቀመጥም። በሩን ቀረቀርኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።