ለአንድ ጠዋት የተዋስኩት ልጅ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። የገዛ ልጄን ደብቄ የጎረቤት ልጅ ያሳየሁ እኔ ነኝ። እኔው ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ገና መቀመጥ የጀመረችውን ልጄን አይታ ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ስጠራት አትዞርም፣ ስስቅላት አትስቅም። ያዋሯት፣ ያጫውቷት። ዛሬ ካልታገዘች ኋላ ሰው ትፈራለች። ተመልሼ አያታለሁ፤ ለውጥ ከሌለ ማርቆስ ሆስፒታል እንልካታለን» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ይጁቤ ገበያ የምከበር ሰው ነኝ። ጥርስ ላላወጣች ልጅ እሹሩሩ ስል ሰው ቢሰማኝ ምን እባላለሁ? በሬዬን በስሙ እየጠራሁ ስዘፍንለት እውላለሁ፤ እሱ ነውር አልነበረም! ሆስፒታል ከሄደች ደግሞ «የእገሌ ልጅ ልክ አይደለችም» ሊሉ ነው።

ቀኑ ሲደርስ ሚስቴ ገበያ ወጥታ ነበር። ዝንብ ባየ ቁጥር የሚስቀውን፣ የልጄን እኩያ፣ የጎረቤቴን ወንድ ልጅ «ልጄን ያጫውትልኝ» ብዬ ተዋስኩ። የልጄን ቀሚስ አለበስኩት፣ ቆቧን እስከ ቅንድቡ አወረድኩበት። ልጄን ጓዳ አስተኛኋት። ኤክስቴንሽኗ አንዴ ብቻ ስላየቻት አልለየችም። ልጁ ገና ሲያያት ተንከተከተ።

ከዚያ ሸና። ጨርቁን ልትቀይር እጇን ስትሰድ ልጁን ነጠቅኳት። «አባቷ እያለሁማ!» አልኩና ወደ ግድግዳ ዞሬ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ፣ እንደ ጆንያ ጠፍሬ አሰርኩት። እሷ እንባዋ መጣ። «ወንድ፣ ያውም የጎጃም ወንድ፣ ሽንት ጨርቅ ሲቀይር!» አለች።

ልጄን ከክትትል አወጣቻት፤ እኔን ለቀበሌው አባቶች አርአያ አደረገችኝ። ስብሰባ ላይ ቆሜ ስለ ልጅ አስተዳደግ አስተማርኩ። ተጨበጨበልኝ። በዚያ ጭብጨባ የሚኮራ ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ኮራሁ።

ልጄ ዛሬ ተማሪ ናት። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር ትገባለች። መምህሯ ድምፅዋን ሰምቶ አያውቅም። ከእናቷ ጋር ሹክ ሹክ ትላለች፤ እኔ ስገባ ጸጥ። አሁን ማርቆስ አመላልሳታለሁ። መኪና ውስጥ ስለ ዛፉም ስለ አህያውም ስቀባጥርላት ተሳፋሪው ይስቅብኛል። ይሳቅብኝ።

አላወቅኩም ነበር አልልም፤ በአማርኛ ተነግሮኛል። እናንተንም ይቅርታ አልለምንም። የበደልኩት እሷን ነውና እሷኑ ጠየቅኳት። ቀና ብላ አየችኝ።